ከዳንስ ቤት ወደ ቴአትር ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ጠዋት፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ምን እንናገር በማለት ብዙ ተከራከርን። ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን ያለ ነበረ፤ ስለ ወጣትነትና ስለ አገር ተስፋ ይሁን ያለም ነበረ። በመጨረሻ ግን፣ ገና ያልደረስንበትን ከምናስተምር የሠራነውን ብንናገር ይሻላል ብለን ተስማማን። የሠራነውም፣ አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ ከትምህርት ቤታችን ቁልቁል ያለውን አሮጌ የዳንስ ቤት ጠግነን ቴአትር እንዲታይበት ማሰናዳት ነው። ነገር ግን ለመመስገን ብቻ አልቆምንም። በዚያ ሥራ ውስጥ አንድ ጥፋት አጥፍተናል። ከጥፋታችን ያገኘነው ትምህርት ከጥገናው ካገኘነው ስለሚበልጥ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እንናገራለን።

ቤቱን ለማያውቁት እንግዶቻችን ጥቂት እንግለጽ። በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። በእርምጃ ብንለካው ርዝመቱ 24፣ ወርዱ 11 ሆነ። በአንደኛው ጫፍ የሙዚቀኞች የነበረች፣ ከጉልበት ከፍ የማትል መድረክ አለች። በግድግዳው ላይ ዳንሰኞች ራሳቸውን ይመለከቱባቸው የነበሩ ትልልቅ መስተዋቶች ተሰቅለዋል። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን፣ በጃንሆይ ዘመን ቅዳሜ ማታ የአኮርዲዮንና የሳክስፎን ድምፅ ከዚያ ቤት እስከ ላይኛው መንገድ ይሰማ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ታውጆ የከተማው የማታ ሕይወት በቀዘቀዘ ጊዜ ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ቀጥሎም የእድሩ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ማስቀመጫ ሆኖ ቆየ።

እኛ ለዚህ በዓል ቴአትር ጽፈን ነበር፤ ነገር ግን ወላጆችን ሁሉ የሚያስቀምጥ አዳራሽ ትምህርት ቤታችን የለውም። ስለዚህ ወደ እድሩ ሽማግሌዎች ሄደን ቤቱን ለመንናቸው። እነርሱም፣ «ከጠገናችሁት ተጠቀሙበት፤ የእድሩን ዕቃ ግን ዝናብ እንዳይነካው» ብለው ቁልፉን ሰጡን።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ከሠፈሩ ሰው አንዳንዱ፣ «የዳንስ ቤት ምን ቢቀቡት የዳንስ ቤት ነው» አለ። እኛም ይህን ለመመለስ ብለን መጻሕፍት አገላበጥን፤ ታላላቆቻችንንም ጠየቅን። ያገኘነው ነገር ደስ አሰኘን።

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉትና የጊዜውን አስተዳደር በአራዊት ምሳሌ የሚተቸው «ፋቡላ» ነው። ይህም የታየው ለቴአትር ተብሎ በተሠራ ቤት ሳይሆን በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ሰው ለመብልና ለጨዋታ በሚሰበሰብበት ቤት የአገር ጉዳይ ተነገረበት ማለት ነው።

ከእኛ ከጉለሌ ቁልቁል ወርዶ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለውን የሀገር ፍቅር ቴአትር የማያውቅ ከመካከላችን የለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ናቸው። የፋሺስት ጦር ሊወጋን በተዘጋጀበት በዚያ ጊዜ ማኅበሩ ቤት አልነበረውም፤ ሕዝቡ በምኒልክ አደባባይ ተሰብስቦ ንግግርና መዝሙር ይሰማ፣ ለአገሩም ይነሣሣ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ግን እንደገና ተቋቋመ፤ ቤትም አገኘ። ያ ቤት ምን እንደ ነበረ ታውቃላችሁን? በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ማታ ማታ ለመዝናናት ይሰበሰቡበት የነበረ ክበብ ነበር። ባለቤቱ ገብቶ እንኳ ሊያይበት በማይችለው ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክራርና ማሲንቆ ተሰማበት፤ በገዛ ቋንቋችን ተውኔት ታየበት። ጥላሁን ገሠሠ የድምፃዊነቱን ጉዞ ከዚያ ጀመረ፤ አስቴር አወቀም ከዚያ ወጣች።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚህ አይርቅም። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው ጀምረውት የነበረ ነው። ተሻሽሎና ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ። በምረቃውም ላይ የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየበት።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። የሀገር ፍቅርን ያቋቋሙት አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ናቸው። ያ ደም የፈሰሰበት ቤተ መንግሥት በዓመቱ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ወደ ስድስት ኪሎ ስንወርድ የምናየው፣ ከእኛም ብዙዎቹ ሊማሩበት የሚመኙት ግቢ እርሱ ነው። የሞት ቤት የትምህርት ቤት ከሆነ፣ የዳንስ ቤት የቴአትር ቤት ቢሆን ምን ያስደንቃል?

በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ሞልየር ገና ወጣት ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ቡድን አቋቁሞ በፓሪስ መጫወት የጀመረው የኳስ መጫወቻ የነበረ ረጅም አዳራሽ ተከራይቶ ነው። በዚያ ዘመን እንደዚህ ያሉ የኳስ አዳራሾች ብዙዎቹ ወደ ቴአትር ቤት ተለውጠዋል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ሥራ ጀመርን። 6 ቅዳሜ ፈጀብን። የዳንስ አዳራሽና የቴአትር አዳራሽ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሲሠሩባቸው ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። በዳንስ ቤት ሁሉም ሰው ተጫዋች ነው፤ ተቀምጦ የሚመለከት ቢኖር በዳር ነው። በቴአትር ቤት ግን ከኋላ የተቀመጠችው አሮጊት ከፊት እንደ ተቀመጠው ሹም እኩል ማየትና መስማት አለባት። ስለዚህ መጀመሪያ መድረኩን እስከ ደረት ከፍ አደረግነው። ወለሉ ለጥ ያለ በመሆኑ የኋለኞቹን አግዳሚ ወንበሮች በብሎኬት ላይ አስቀመጥናቸው። የፈረሰውን ግድግዳ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተን መረግነው፤ ጭቃውን በእግራችን ስንረግጥ ትምህርት ቤት ያላስተማረንን የእድሩ ሽማግሌዎች አስተማሩን፤ ጭዱ በጭቃው ውስጥ ጥቂት ቀን ካልከረመ ምርጊቱ ይሰነጠቃልና።

ቀጥሎ የድምፅ ነገር መጣ። ባዶው ግድግዳና ቆርቆሮው ቃልን ሁሉ እየመለሱ አስቸገሩን፤ አንዱ ሲናገር ሁለት ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። ባዶ ጆንያ ተርትረን፣ አሮጌ ብርድ ልብስም ከየቤታችን አምጥተን በግድግዳው ላይ ብንሰቅል ድምፁ ረጋ። መስተዋቶቹ የመብራቱን ብርሃን በተመልካች ዓይን ላይ ስለሚረጩ አውርደን ወደ ልብስ መልበሻው ክፍል ወሰድናቸው። በጣውላ የተመቱትን መስኮቶችም ከፈትናቸው። ወደ ውስጥ ይከፈት የነበረውን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግነው፤ ሰው በድንጋጤ ሲጋፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትምና። ከመድረኩ ኋላ ደግሞ ሁለተኛ በር አወጣን። በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው፣ ጃዝአምባ ይባል የነበረው የሙዚቃ አዳራሽ በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት መውደሙን መምህራችን ስላስታወሱን፣ አሮጌውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በባለሙያ አስለወጥን፤ በየበሩም አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀመጥን።

እስከዚህ ድረስ የሠራነው መልካም ነበር። አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ቴአትራችን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ ስለሚወርዱ ሴቶች የሚናገር ነው። ዋናዋን ሴት እንድትጫወት የመረጥናት ከእኅቶቻችን አንዲቱን ነው። ታሪኩን የምንናገረውም ፈቃዷን ጠይቀን ነው። አባቷ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ልምምዱ በዚያ ቤት መሆኑን ሲሰሙ፣ «ልጄ በዚያ ደጅ አታልፍም፤ እዚያ ቤት የሆነውን እኔ አውቃለሁ» ብለው ከለከሉ። እኛስ ምን አደረግን? ሄደን በማስረዳት ፈንታ፣ «እኒህ ሰውዬ አሮጌ ናቸው» ብለን ሳቅንባቸው። ከዚያም፣ «ለፈተና አብረን እናጠናለን በያቸው» ብለን መከርናት። እርሷም እንደ ምክራችን አደረገች። 3 ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዛ ከቤት እየወጣች ወደ አዳራሹ መጣች።

በ4ኛው ሳምንት አባቷ ነገሩን ሰሙ። ልጃቸውን አልመቱም፤ አልጮኹምም። ዝም ብለው ከትምህርት ቤት ሊያስቀሯት ወሰኑ። ለመልቀቂያ ፈተና ጥቂት ሳምንት ሲቀር ማለት ነው።

ያን ጊዜ ሳቃችን ጠፋ። ከእድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን። እኛ ያነበብነውን ታሪክ ሁሉ ለመናገር ተዘጋጅተን ነበር፤ ሀገር ፍቅርንም፣ ሲኒማ ማርኮኒንም፣ ገነተ ልዑልንም ደረደርን። ቀድሞ ሴት በመድረክ መታየቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበረ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ እንደ ነበር፣ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ አስናቀች ወርቁም በክራሯና በትወናዋ የተከበረች እንደ ሆነች ተናገርን። እርሳቸው በሸማ ሥራው ጉድጓድ እግራቸውን እንዳደረጉ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ የነገራችሁኝ ሁሉ እውነት ይሆናል። እኔ ግን ስለ ሀገር ፍቅር አልጠየቅኋችሁም። ሥራው መልካም ከሆነ ለምን በውሸት ሠራችሁት? ቤቱን አጽድታችኋል፤ አፋችሁን ግን አላጸዳችሁም። ያ ቤት የተጠላው ሰው ስለ ጨፈረበት አይደለም። ሰው ለቤቱ ሳይናገር ተደብቆ ስለሚሄድበት ነው። እናንተም እንደዚያው ተደብቃችሁ ገባችሁበት።»

እኛም መልስ አጣን። ሽማግሌዎቹም አጡ። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ 6 ቅዳሜ ስንለፋ ያላየነውን ነገር ሸማኔው ከተቀመጡበት ሳይነሡ አሳዩን። አሮጌው ልማድ ከምርጊቱ ሥር እንዳለ ነበረ፤ ያመጣነውም እኛው ነን። ተነሥተን ይቅርታ ለመንን፤ ሽማግሌዎቹም አማለዱን።

አባቷ ልጃቸው ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ወዲያው ፈቀዱ። ስለ ቴአትሩ ግን 3 ነገር ጠየቁ፦ ልምምዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ፤ በልምምድ ጊዜ የአዳራሹ በር እንዳይዘጋ፤ እናቷም እዚያው ተቀምጠው እንዲመለከቱ። እኛም ለአንዲቱ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ሕግ ይሁን ብለን ተቀበልን።

በማግሥቱ እናቷ እንዝርታቸውንና ጥጣቸውን ይዘው መጡ፤ በኋለኛው አግዳሚ ተቀምጠውም መፍተል ጀመሩ። በ3ኛው ቀን ሌሎች እናቶች አብረዋቸው መጡ። መጀመሪያ እንጨነቅ ነበር፤ ቃላችን ይጠፋን ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ልጃቸው የእንጨቱን ሸክም ተሸክማ በመድረኩ ላይ ስታልፍ፣ እናቷ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «ሸክም የተሸከመች ሴት እንዲህ ቀና ብላ አትሄድም» አሉ። ከዚያም ወደ መድረኩ ወጡና እንጨቱን ከልጃቸው ተቀብለው፣ ጐንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ እግራቸውን እየመረጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱ። በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ እንደ ነበር ልጃቸው እንኳ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴአትሩ የ12ኛ ክፍል ብቻ መሆኑ ቀረ። እናቶች ንግግራችንን አረሙት፤ «ይህ የመጽሐፍ አማርኛ ነው፤ በገበያ እንዲህ አይባልም» እያሉ ግማሹን አስለወጡን። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የምታዩት እነርሱ ያረሙትን ነው።

ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። ቤት በቀለምና በምርጊት ብቻ አይለወጥም። የዳንስ ቤት ቴአትር ቤት የሚሆነው፣ አባት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሊመለከትበት ሲችል፣ እናትም ተነሥታ «ይህስ ልክ አይደለም» ለማለት ስትችል ነው። የጣሊያኖቹ ክበብ የሀገር ፍቅር ቤት የሆነው ምልክቱ ስለ ተለወጠ አይመስለንም፤ ገብቶ የማያውቀው ሕዝብ በበሩ ስለ ገባ ነው እንጂ።

አሁን እኛ ልንለያችሁ ነው። ከፈተናው በኋላ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ወደ ሥራ፣ አንዱም ወደ ገጠር ይሄዳል። ስለዚህ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አዳራሹን እንድትረከቡ አደራ እንላችኋለን። የቤቱ ቁልፍ በእድሩ ሽማግሌዎች እጅ ይሁን። በክረምት የቆርቆሮው ጩኸት ቃል ስለማያሰማ ቴአትራችሁን በበጋ አድርጉት። ሸማኔው ያወጡትን 3 ሕግ በበሩ ላይ ጽፈነዋልና አትፋቁት።

ቤቱ ለዘለዓለም ይቆማል ብለን ግን ተስፋ አንሰጣችሁም። ከተማችን እየፈረሰች የምትሠራ ከተማ ናት። በካዛንችስ የነበረው ፈንዲካ የተባለው የአዝማሪ ቤት፣ በዳንሰኛው በመላኩ በላይ ትጋት ሥዕልም የሚታይበት የባህል ማእከል ሆኖ ሳለ፣ ሠፈሩ ለአዲስ ግንባታ ሲፈርስ በ2017 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቷል። የእኛም ጭቃ ቤት አንድ ቀን ይህ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል። ያን ጊዜ ግን፣ ሀገር ፍቅር ቤት ሳይኖረው በአደባባይ እንደ ጀመረ አስታውሱ። በግልጥ የመሥራት ልማድ ካላችሁ፣ ጭቃውን ያቦካ እግር ሌላ ቤት ማቆም አያቅተውም።

በመጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ሁላችሁም አብራችሁን ወደ አዳራሹ እንድትወርዱ በአክብሮት እንለምናለን። በፊተኛው ረድፍ በስተቀኝ አንድ ቦታ ነጠላ አንጥፈን ይዘናል፤ የእኅታችን አባት ቦታ ነው። ይመጡ እንደ ሆነ እስከ አሁን አልነገሩንም። ቢመጡ ክብራችን ነው። ባይመጡም እርሳቸው እንዳዘዙት በሩ ክፍት ነው።